ሰይጣኑ ስንት ዓይን አለው?

ክርክሩ የተነሣው በሦስት ሰዎች መካከል ነው፤ አንድ ዲያቆን፣ አንዲት ሠዓሊ እና ሲወለዱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆኑ አንድ የቅኔ መምህር። ሥራቸው ለቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ፎቶግራፍ መግለጫ መጻፍ ነበር። መግለጫውን ለዓይነ ስውሩ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብለት ስልኩ ነው፤ የተጻፈ ነገር ካላገኘ «ምስል» ብሎ ያልፋል። እኔ ዳር ይዤ አዳምጥ ነበር።

ያጨቃጨቃቸው የበላዔ ሰብእ ሥዕል ነው፤ ሰው በላ የነበረ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው ውኃ አጠጥቶ፣ ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን የእሷ ጥላ ያዳነው ሰው ነው። ዲያቆኑ «እመቤታችን በላዔ ሰብእን ስታማልደው» ብሎ ጽፎ ብዕሩን አስቀምጧል።

«ይህ ርእስ ነው እንጂ መግለጫ አይደለም» አለች ሠዓሊዋ። «ሚዛኑ የታለ?» የእሷ ደግሞ «ሰማያዊ መጎናጸፊያ የለበሰች ሴት እጇን ወደ ሚዛን ዘርግታ» ይላል።

«እመቤታችንን ‹ሴት› ብለሽ ልታልፊ ነው እኅቴ?»

«ዓይን የሚያየው ይኸንኑ ነው፤ የቀረውን አንባቢው ይሙላው።»

የኔታ እስኪበቃቸው ሰሟቸው። «ልጆቼ፣ ሰውየው 78 ነፍስ በልቶ በአንድ እፍኝ ውኃ መዳኑን ከእናንተ ቀድሜ በቃሌ አውቀዋለሁ። የማላውቀው ሠዓሊው ምን እንዳደረገ ነው። ውኃውን እንዴት አድርጎ ሣለው? ጥላዋ በየትኛው የሚዛን ወገን ወደቀ? ሰይጣኑስ ስንት ዓይን አለው?»

ዲያቆኑ አቀረቀረ። በጥንቱ የሥዕል ሥርዓት ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን አውቆ ነው የተወው።

«እርስዎን ቅር እንዳያሰኝ ብዬ ነው፣ የኔታ።»

«እኔ አንዱም የለኝ! በእኔ ምክንያት ለሰይጣን ሁለተኛ ዓይን ልታበጅለት ነው? ሰማያዊውንም ሰማያዊ ብላችሁ ጻፉልኝ፤ ባላየውም ለቅኔ እፈልገዋለሁ።»

ሠዓሊዋ ሳቋን መያዝ አቃታት።

እኔ የምፈርደው ለየኔታ ነው። የዲያቆኑ ይሉኝታ ሽማግሌውን ደጅ አስቀርቷቸዋል። ሠዓሊዋም ብትሆን አልተዋጠችልኝም፤ እንዲህ ያለ ሥዕል ብዙ ጊዜ «ዘከመ» («እንዴት እንደ…» እንደማለት) ብሎ የሚጀምር የግዕዝ ጽሑፍ በራሱ ላይ ይዞ ይገኛል፤ ማን ማን እንደሆነ ሥዕሉ ራሱ ከተናገረ እኛ የምንደብቅበት ምክንያት የለም። ያ በቀለም የተጻፈ ግዕዝ ለስልኩ ሥዕል እንጂ ፊደል ስላልሆነ፣ ቃል በቃል ተገልብጦ ይግባ። ከዚያ ሚዛኑ፣ ጥላው፣ ባለ አንድ ዓይኑ ይከተሉ። የተአምሩ ታሪክ ግን ከሥዕሉ በታች ለሁሉም አንባቢ ይጻፍ። የሚያይ ሰው ሁሉ ታሪኩን ያውቃል ያለው ማን ነው?

ሦስቱም ያላነሡት አንድ ሰው አለ፤ በብዙ ሥዕሎች ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ የሚታየው ሥዕሉን ያሠራው ሰው። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ስሙን አስጽፎ ነው ከቅዱሳኑ እግር ሥር የገባው። አንድ ዐረፍተ ነገር ይገባዋል፣ ከነልብሱ ቀለም።