ቁልፍ ነቅዬ እኔ እተኛለሁ፣ እሱ ይጠጣል

ዛሬም መኪናዬን የሰፈር ልጆች ገፍተው አስነሱልኝ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛ ጊዜ! ባትሪው እኮ አዲስ ነው።

ለካ ጉዱ ያለው የቴፑን ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየር ጋ ነው። ሪሞት የምትባለው ቀጭን ሽቦ ከቴፑ ነው የምትመጣው፤ ቴፑ ሲጠፋ አምፑም እንዲተኛ። አምፑን የገጠመልኝ ባለሙያ ግን ቀጥታ ከባትሪ ጋር አሰራት። እኔ እተኛለሁ፣ አምፑ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪዬን ይጠጣል።

ደግሞ ሁሉም ነገር «ችግር የለውም» ነው። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ፣ ከልክ በላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ተቃጥሎ መስመሩን የሚቆርጠው፣ የለም። ገመዱ ተልጦ ቦዲ ቢነካ መኪናዋ ትቃጠላለች እኮ! «ችግር የለውም።» ግራውንዱን፣ ከቦዲው ብረት ጋር መታሰር ያለበትን የኔጌቲቭ ገመድ፣ ቀለም ላይ አሰረው። ቀለም ከመቼ ወዲህ ነው መብራት የሚያስተላልፈው? የባትሪውን ገመድና የድምፁን ገመድ እንደ ሹሩባ አንድ ላይ ጎነጎናቸው። አሁን ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ስፒከሩ ያፏጫል። ዘፈን ከፍቼ ጄኔሬተር ነው የምሰማው። የአንዱን ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ገልብጦት ቤዙ ድራሹ ጠፍቷል። ቤዝ ብዬ አይደል እንዴ ይሄን ሁሉ ብር ያፈሰስኩት?

አምፑስ ቢሆን! ካርቶኑ ላይ «3000 ዋት» ይላል። የራሱ ፊውዝ 30 አምፔር ነው። በ12 ቮልት ስታባዙት 360 ዋት። ቀሪው 2640 ዋት ካርቶኑ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፤ ልጆቼ ባይቀዳድዱት ኖሮ ፈልጌ አየው ነበር።

ደወልኩለት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ባትሪ ቀይር።»