ሳክስፎኑስ ተረሳ?

በተከታታይ ዝግጅታችሁ በሞት የተለዩንን ሙዚቀኞች ማስታወሳችሁ ደስ ይላል። ግን ዝርዝሩን እስኪ እዩት፣ ከጥላሁን ገሠሠ ጀምሮ ሁሉም ድምፃዊ ነው። ከኋላ ቆመው የሚጫወቱትስ? ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ እኮ በ2008 ዓ.ም. ነው ያረፈው! ሽለላና ቀረርቶን በሳክስፎን ያስፎከረ ሰው ነው፤ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲሰነጠቅ፣ መልሶ ሲያጓራ አንድም ቃል ሳይኖረው ፉከራው ቁልጭ ብሎ ይሰማል (እኔን ከብዙ ዘፋኝ ይልቅ እሱ ነው ወኔዬን የሚቀሰቅሰው)። በፖሊስ ኦርኬስትራ ስንት ዓመት ነፋ፣ በስተርጅና ደግሞ ዘ ኤክስ ከሚባሉ የኔዘርላንድ ፓንኮች (ጩኸታም ሮክ ተጫዋቾች) ጋር የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ አውሮፓን ዞረ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ከፓንኮች ጋር፣ አስቡት! እኛ ጋ ግን እንዲህ ያለው ሥራ "ክላሲካል" ይባልና ለወሬ ማጀቢያ ይከፈታል፣ ማን እንደነፋው የሚጠይቅም የለ። በሚቀጥለው ክፍል እሱን አስገቡልን በናታችሁ።