ምቀኛ አታሳጣን

ባለፈው ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መኪና እየገፋሁ ነበር። የኔ አይደለችም። የኔ ብትሆን መሪው ላይ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። አምስት ሆነን የጎረቤታችንን ቪትዝ ከኮንዶሚኒየሙ በር ወደ አስፋልቱ እንገፋለን። እሱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «በርቱ! በርቱ! ትንሽ ነው የቀራት!» ይለናል። መኪና የሚገፋ ሰው መቼም ጎንበስ ይላል። አፍንጫዬ ከኋላው መስታወት አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። እዚያ በቢጫ ስቲከር የተለጠፈውን ሳልወድ በግድ አነበብኩት።

«ጠላቶቼ ወደ ኋላ ይመለሱ» ይላል።

ግራ ቀኜን አየሁ። ከኋላ ያለነው እኛ ነን።

ይሄ ነገር እናንተም ሰፈር አለ፤ አላስረዳችሁም። ሚኒባሱ ላይ አለ፣ ባጃጁ ላይ አለ፣ ጁስ ቤቱ ግድግዳ ላይ አለ፣ የአክስታችሁ ልጅ ፕሮፋይል ላይ አለ። ጋዋን የለበሰ ተመራቂ ሁሉ «ጠላቶቼን ላሳፈረልኝ አምላክ ክብር ይሁን» ብሎ ይለጥፋል። ደብተር የገዙለት፣ ከደመወዛቸው ቆርሰው የላኩለት፣ ፈተና ሲደርስ ሌሊት የተሳሉለት ሰዎች ከሥር በደቃቅ ፊደል ይገኛሉ፤ ቦታ ከተረፈ። የክብር ወንበር የተሰጠው ለጠላቶች ነው።

ስለዚህ ዛሬ ለማመስገን ነው የተነሳሁት። የምሬን ነው። ድሮ ጠላት የባላባት ነገር ነበር። ጠላት እንዲኖርህ ርስት ያስፈልግሃል፣ ከብት ያስፈልግሃል፣ ቢያንስ ደህና በቅሎ። ደሃ ጠላት አልነበረውም፤ የነበረው አበዳሪ ብቻ ነው። ዛሬ ተመስገን፣ ጠላት ለሁሉም ተዳርሷል። ውሃው በፈረቃ ነው፣ መብራቱ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል፤ ጠላት ግን አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። ደግሞ በነጻ ነው። አያቶቻችን «ምቀኛ አታሳጣኝ» ሲሉ የሚቀናበት ነገር አታሳጣኝ ማለታቸው ይመስለኝ ነበር። እኛ አሳጠርነው። የሚቀናበቱ ነገር ባይኖርም ምቀኛው ይቅደም፤ ነገሩ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ባለ ቪትዙ የዚህ ጥበብ ሊቅ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ምቀኝነት ይሆንብኛል። መኪናዋን ያመጣት ዕለት ፀበል ተረጨች፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ። ግቢው ሁሉ ወጥቶ «እሰይ፣ እሾህ አይውጋት!» ብሎ መረቀ። እኔ ራሴ ሁለት ቁራሽ ዳቦ በልቻለሁ። በሳምንቱ ስቲከሩ ተለጠፈ። ከዳቦው በላተኞች መሃል ጠላቱ የቱ እንደሆነ አልተገለጸም። ሁላችንም በየቤታችን ራሳችንን መመርመር ጀመርን። ያን ቀን ሁለተኛውን ቁራሽ ሳነሳ አያያዜ እንዴት ነበር? ትንሽ ቸኩዬ ይሆን?

በወሩ ባትሪዋ ሞተ። ባትሪው ስንት ዓመቱ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። «ዓይን ነው» አለ። በሁለተኛው ወር ቀለበት መንገድ መሃል ነዳጅ ጨርሳ ቆመች። የነዳጅ መብራቷ ከጠዋት ጀምሮ በርቶ እንደነበር አብሮት የነበረው ልጅ ነግሮኛል። «ይሄን ያደረገ ሰው አለ» አለ። እውነቱን ነው፤ አለ። መሪው ላይ ተቀምጦ ነበር። በሦስተኛው ወር ጎማዋ ፈነዳ። ያ ጎማ ጥርሱ ካለቀ ቆይቶ እንደ ሕፃን ድድ ለስልሶ ነበር። «ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» አለ። «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ማለት በእኛ ግቢ ለስድስት ሰው ይነገራል ማለት ነው።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሞተሯ ጋለ። ጭሱ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። መካኒክ ተጠራ። መካኒኩ የዘይት መለኪያዋን መዝዞ አወጣና በጨርቅ ሊጠርገው ሞከረ። ጨርቁ አብሮ ተጣበቀ። ሬንጅ በሉት።

«ወንድሜ፣ ይሄን ዘይት መቼ ነው የቀየርከው?»

ጎረቤታችን ትንሽ አሰበ። «ስገዛት እኮ ዘይት ነበራት» አለ።

መካኒኩ የሞተር ዘይት በየስንት ሺህ ኪሎ ሜትሩ እንደሚቀየር፣ ሳይቀየር ሲቀር ብረት ከብረት እንዴት እንደሚፋጭ በትዕግሥት አስረዳው። ጎረቤታችን ግን የገባው ሌላ ነገር ነው። የዚያን ዕለት ማታ የጭሱን ፎቶ ለጥፎ «ከእሳት እቶን ያወጣኝ አምላክ ስሙ ይባረክ» ብሎ ጻፈበት። የሠለስቱ ደቂቅን እቶን ሰባት እጥፍ አድርጎ ያነደደው ናቡከደነፆር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የቪትዟን እቶን ያነደደው ማን እንደሆነ ደግሞ መካኒኩና እኔ እናውቃለን። 214 ሰው አሜን አለ። እኔም ብያለሁ። ባልል ይታወቅብኛላ።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንም አልነበር። ነገር ግን መኪናዋን የሚያቆማት የግቢው በር አፍ ላይ ነው። እኔን ጨምሮ መቶ የሚሆን ሰው በጎን እየተሽሎከለከ ይገባል። ባለፈው ወር ውሃ ጠፍቶ፣ ተዋጥተን ያስመጣነው ቦቴ መግቢያ አጥቶ በር ላይ ቆመ። ጀሪካን ይዤ ወረድኩና «ወንድሜ፣ መኪናዋን ትንሽ ፈቀቅ ብታደርጋት» ብዬ ለመንኩት። ፈገግ አለ። የሰማዕት ፈገግታ ነው። «ዳንኤልም ተቃውሞ ነበረበት» አለኝ።

ተቃውሞው እኔ ነኝ። ባለ ጀሪካኑ።

ቤቴ ገብቼ ነገሩ ከነከነኝ። ትንቢተ ዳንኤልን ገለጥኩ፤ ምዕራፍ ስድስት። ዳርዮስ 120 መሳፍንት ሾመ፣ በላያቸው ደግሞ ሦስት አለቆች። ዳንኤል ከሦስቱ አንዱ ነው። ንጉሡ በሁሉ ላይ ሊሾመው አሰበ፣ ሌሎቹ ቀኑ። እስከዚህ ሁላችንም በቃላችን እንላታለን። ቀጥሎ ያለው ግን ሲሰበክ ብዙም አልሰማሁም። ምቀኞቹ በቀጥታ ወደ አንበሳ አልሄዱም። መጀመሪያ ሥራውን ፈተሹ። በዛሬ ቋንቋ ኦዲት አደረጉት። በመንግሥቱ ሥራ በኩል ስህተት ፈለጉ፣ በደል ፈለጉ፤ የታመነ ሰው ነበርና ምንም አጡ። ጸሎቱን ወንጀል የሚያደርገውን የሠላሳ ቀን ዓዋጅ ያስወጡት ሌላ የሚይዙበት ስላልነበራቸው ነው።

እኛ ግን ምዕራፉን ከአንበሳው ጀምረን ነው የምናነበው። ኦዲቱን ዘለነዋል። ብልህነት ነው። ኦዲቱ ቢነበብ ስንቱ ዳንኤል ጉድጓዱ ደጃፍ ሳይደርስ ይመለስ ነበር! ምስር ውስጥ ጠጠር ቀላቅሎ ሲሸጥ ከርሞ ደንበኛ የሸሸው ባለሱቅ፣ «በሰፈሩ ምቀኛ በዛብኝ» ይላል። ሁልጊዜ አራት ሰዓት ላይ ቢሮ የሚገባው ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ሲጻፍለት፣ «አለቃዬ የአምላኬ ጠላት ነው» ይላል። ሳያጠና የተፈተነ ልጅ እናቱ ድግምት ታፈላልግለታለች። አንበሳው ለሁሉም ይበቃል።

ሌላም አለ። ዓዋጁ መውጣቱን ዳንኤል ባወቀ ጊዜ ቤቱ ገባ፣ የሰገነቱ መስኮት ወደ ኢየሩሳሌም አንጻር ተከፍቶ ነበር፣ በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ። ቀድሞ ያደርግ እንደነበረው ነው የሚለው። ተቃዋሚ መጣ ብሎ አልቀነሰም። ተመልካች በዛ ብሎም አልጨመረ። በማግስቱ ንጉሡ ወደ ጉድጓዱ መጥቶ ሲጣራ ደግሞ መጀመሪያ የተናገረው ለንጉሡ ዕድሜ መመኘት ነው። ከነስሙ የሚያውቃቸው ምቀኞች ነበሩት፤ እኔ እሱን ብሆን አንድ ሁለት ቃል ሳልጥልባቸው አልወጣም ነበር።

ዮሴፍንም ቢሆን እንውሰድ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። በሃያ ብር የሸጡት የገዛ ወንድሞቹ ናቸው፤ ከዚህ በላይ ምቀኛ ከየት ይመጣል? ፈርዖን ፊት ሲቆም ሠላሳ ሞላው። አሥራ ሦስት ዓመት ማለት ነው፤ ባርነትና እስር ቤት። ከዚያ ፈርዖን በሁለተኛው ሠረገላ አስቀመጠው። የመንግሥት ሠረገላ ናት፤ በእኛ አቆጣጠር ኮድ 4 መሆኗ ነው። ያቺ ሠረገላ ከኋላዋ «ወንድሞቼ ሆይ፣ እዩኝ» የሚል ተለጥፎባት እንደነበር የትም አልተጻፈም። ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ሲመጡ አለቀሰ፣ ስልቻቸውን ሞላላቸው።

ዳዊትስ? ጠላት በሉኝ ካላችሁ የዳዊት ነው ጠላት። ሳኦል ሦስት ሺህ የተመረጠ ሰው አስከትሎ በዓለቱ ሁሉ ያሳድደው ነበር። ዋሻ ውስጥ እጁ ላይ ሲወድቅለት የልብሱን ዘርፍ ቆረጠ፤ ለዚያችም ልቡ መታው። እኛ ከዳዊት መዝሙር የወሰድነው እርግማኑን ነው። ለስቲከር ይመቻል፣ አጭር ነው።

ጠላቱ ማን እንደሆነ ለይቶ የሚነግር ባለሙያም ሞልቷል። አንዱ መድረክ ላይ ማይክ ይዞ ነው፣ ሌላው ጓሮ ውስጥ ጥቅልል ይዞ ነው፤ ሃይማኖታቸው ይለያይ እንጂ መልሳቸው አንድ ነው። «ጠቆር ያለች ሴት ናት። ቅርብሽ ናት። ቤትሽ ትገባለች።» አዲስ አበባ ላይ ይህን ተናግሮ የሚሳሳት ሰው ካለ እሱ በእውነት ተሰጥኦ አለው።

የኛም ግቢ ጠቆር ያለች ሴት ተገኘች። ምድር ቤት ያሉት እማማ ናቸው። እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። ወላጆቻቸው ሸክላ ሠሪዎች እንደነበሩ አንድ ቀን ቡና ላይ ራሳቸው ነግረውናል፤ ያኔ ማንም ምንም አላለም። ባትሪው ከሞተ በኋላ ግን «ዓይን» የሚለው ወሬ ከፎቅ ፎቅ ሲወርድ ቆይቶ በራቸው ላይ አረፈ። መጀመሪያ ቡና መጠራታቸው ቀረ። ቀጥሎ ልጆች በበራቸው እንዳያልፉ ተነገራቸው። ከዚያ ደንበኛ ሄደ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተው የጋገሩት እንጀራ ማታ መሶቡ ውስጥ እንዳለ ያድር ጀመር።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ። ቡዳ የሚለው ቃል ስንት ሰው ከውሃ መውረጃ፣ ከለቅሶ ቤት፣ ከጋብቻ እንዳባረረ እናውቃለን። ማረሻውን የቀጠቀጠልንን፣ ጋቢውን የሸመነልንን፣ ቆዳውን ያለፋልንን ሰው ነው የሰደብንበት። እንጀራ የምንጋግርበትን ምጣድ የሠራው ማን ሆነና! ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አውጀዋል። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ እኛ በአሮጌ ባትሪ ምክንያት የአንዲትን አሮጊት ጉሮሮ እንዘጋለን። ይህን ሁሉ ደግሞ በእግዚአብሔር ስም። እሱ በዚህ ውስጥ ምን አድርጎ ነው ስሙ የሚነሳው?

ማክሰኞ ከገፋነው አምስት ሰዎች አንዷ እሳቸው ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አግኝተውን፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ገቡበት። ጎን ለጎን ነበርን። በዓይኔ ስቲከሩን እያሳየሁ «እማማ፣ አዩት ይሄን?» አልኳቸው።

«አይቼዋለሁ ልጄ» አሉ። «ግፋ ይልቅ፣ ልጁ ሥራ ይረፍድበታል።»

ገፋሁ። ተነሳች። ጎረቤታችን በመስኮት እጁን እያውለበለበ ሄደ፤ ጭሱን እኛ ላይ ለቀቀብን።

ሐሙስ ሁለተኛ ስቲከር ጨመረ። የመጀመሪያው የመስታወቱን ግማሽ ነበር የያዘው፤ ይሄኛው የቀረውን ሸፈነ። «ኋላዬን የሚያይ አምላክ አለኝ» ይላል። ዓርብ ማታ መኪናዋን ወደ ኋላ ሲነዳ የግቢውን የመብራት ምሰሶ ገጨ። ወረደ። ምሰሶውን ከታች እስከ ላይ አየው። እኛንም በየበረንዳችን አንድ በአንድ አየን። ከዚያ ዘበኛውን ጠራና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው፦

«ጋሼ፣ ይሄን እዚህ ያቆመው ማን ነው?»