ሉፑ ቢያልቅም ተለዋዋጩ አይጠፋም

ስለ ፒኤችፒ (የድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) የቀረበው ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን «የፎርኢች ተለዋዋጭ ሉፑ ሲዘጋ ይጠፋል» የሚለው ይታረም። ፎርኢች የዝርዝሩን እሴቶች በየተራ ተለዋዋጩ (እሴት የሚይዝ ስም) ላይ እያኖረ የሚደጋግም ሉፕ ነው። በፒኤችፒ ተለዋዋጭ የሚታወቅበትን ወሰን የሚያበጀው ፈንክሽን እንጂ ሉፕ አይደለም። ተለዋዋጩ የመጨረሻውን እሴት እንደያዘ ይቀራል። ጉዳቱ የሚመጣው ተለዋዋጩን ከዝርዝሩ ቦታ ጋር የሚያስረው ምልክት፣ & ሲጨመርበት ነው። እዚህ ድሬ፣ ለአንድ የከፊራ ገበያ ሱቅ 60፣ 80፣ 100 የሚል የዋጋ ዝርዝር አለ እንበል። አንዴ በ& ዞራችሁ፣ ቀጥሎ ያለ & በዚያው ስም ብትደግሙት 60፣ 80፣ 80 ይሆናል! የሉፑ ተለዋዋጭ $ዋጋ ገና ከሦስተኛው ቦታ ጋር እንደታሰረ ነውና ሁለተኛው ሉፕ 60ን፣ ከዚያም 80ን እዚያው ላይ ይጽፋል፤ መጨረሻ ላይ የሚያነበውም ያንኑ 80 ነው። አንድም የስህተት መልእክት አይወጣም። ከመጀመሪያው ሉፕ ሥር ማሰሪያውን የሚፈታውን አንሴት($ዋጋ) ጻፉ። እሴቱን ትታችሁ ቁልፉን (የእሴቱን ቦታ ወይም ስም) ብቻ ስትጠቀሙ የሚመጣው «ጥቅም ላይ ያልዋለ ተለዋዋጭ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ግን ኮድ የምትጽፉበት የኤዲተሩ እንጂ የፒኤችፒ አይደለም፤ ቁልፉን ብቻ ከፈለጋችሁ ቁልፎቹን ብቻ በሚሰጠው ፈንክሽን፣ በአሬይ ኪይስ ዙሩ።