ገጸ ባሕርይ እንዴት እንደሚያድግ የመጻፍ መብት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ አንዱ ቤት ተሰብስበው የሚና ጨዋታ የሚጫወቱ አምስት ወጣቶች አሉ። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ለማስረዳት፣ ተጫዋቾቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ ከመካከላቸው አንዱ አጫዋች ሆኖ ዓለሙንና የሚገጥማቸውን ነገር ይተርካል፤ ውጤቱ በሚያጠራጥርበት ቦታ ሁሉ ዳይስ፣ ማለትም በየጎኑ ቁጥር ያለበት መጣያ፣ ይጣላል። ገጸ ባሕርያቱም ከቅዳሜ ወደ ቅዳሜ እየበሰሉ ይሄዳሉ። እነዚህ ወጣቶች ለረጅም ጊዜ በባዕድ ዓለም ሲጫወቱ ከቆዩ በኋላ የራሳቸውን ጨዋታ መጻፍ ጀምረዋል። ገጸ ባሕርያቱ ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው ከደብር ደብር የሚዞሩ የቅኔ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ መንገዳቸውም ከዲማ ጊዮርጊስ እስከ ዋሸራ ይዘልቃል። ረቂቁን እንዳነብላቸው ሲሰጡኝ የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልቻልኩም።

ገጽ 31 ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። በገጹ አናት «የገጸ ባሕርይ ዕድገት» የሚል ርዕስ በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩ «ለዚህ ዋናውን የተጫዋቾች መጽሐፍ ተመልከት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ የቀረው ገጽ ባዶ ነው። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «እሱን መጻፍ አይፈቀድም» አሉኝ። ለአብነት የያዙት ሃያ ዓመት ያለፈው የአሜሪካ መጽሐፍ እንደዚያ ስለሚል፣ የሁሉም ጨዋታ ሕግ መስሏቸዋል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ገጽ ባዶውን እንዳይታተም ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ልናገር፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የዚህ ዓይነት ጨዋታ በመጽሐፍ መልክ ለገበያ የቀረበው በ1974 ሲሆን፣ እርሱም የጋሪ ጋይጋክስና የዴቭ አርነሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው። በ2000 ሦስተኛው እትም ሲወጣ፣ የጨዋታው ባለቤት የሆነው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ለሌሎች አሳታሚዎች ሁለት ውሎችን አቀረበ። የመጀመሪያው ኦፕን ጌም ላይሰንስ የሚባለው ሲሆን፣ የጨዋታውን መሠረታዊ ደንብ ማንም ያለ ክፍያ ወስዶ፣ አሻሽሎና አሳትሞ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። በዚህ ውል ብቻ የሚሠራ አሳታሚ ግን መጽሐፉ ከየትኛው ዝነኛ ጨዋታ ጋር እንደሚስማማ በንግድ ስሙ ጠርቶ መናገር አይችልም ነበር። ሁለተኛው ውል ይህን ክፍተት የሚሞላ የንግድ ምልክት ፈቃድ ነው፤ ዲ20 የሚባለውን የጨዋታውን ደንብ መለያ አርማ በሽፋን ላይ ለማተም ያስችላል፤ እርሱም ክፍያ አይጠይቅም። በገንዘብ ፋንታ የጠየቀው ዝምታን ነው። አርማውን የያዘ መጽሐፍ ገጸ ባሕርይ እንዴት እንደሚፈጠርና የተገኘ ልምድ ገጸ ባሕርይን እንዴት ከደረጃ ወደ ደረጃ እንደሚያሳድግ የሚገልጽ ደንብ እንዳይይዝ ይከለክላል፤ ለመጫወት የባለቤቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ እንደሚያስፈልግም በግልጽ እንዲጻፍ ያስገድዳል። አሳታሚው አዲስ ሙያ፣ አዲስ አስማት፣ አዲስ ጭራቅ፣ አዲስ አገር መጻፍ ይችላል፤ የጻፈው ሰው ግን በዚያ አገር እንዴት እንደሚያድግ የሚነገረው በሌላ ሰው መጽሐፍ ነው።

የታጠረው ነገር በመጠኑ ትንሽ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሦስተኛው እትም ሁለተኛ ደረጃ ለመድረስ 1,000 የልምድ ነጥብ፣ ሦስተኛ ለመድረስ 3,000፣ አራተኛ ለመድረስ 6,000፣ ሃያኛ ለመድረስ 190,000 ያስፈልጋል። ያለህበትን ደረጃ በአንድ ሺህ ብታባዛ ወደሚቀጥለው ለመሻገር የሚጎድልህን ነጥብ ታገኛለህ፤ ምሥጢሩ ይኸው ብቻ ነው። ማባዛት የሚያውቅ ልጅ በደቂቃ ውስጥ ሰንጠረዡን ራሱ ይሠራዋል። ይሁን እንጂ ያ ሰንጠረዥና ገጸ ባሕርይን የመፍጠሪያው መንገድ ከሌሉበት መጽሐፉ ብቻውን ሊቆም ስለማይችል፣ ለዋናው መጽሐፍ ተቀጥላ ሆኖ ይቀራል። አጥሩ የተሠራውም ለዚሁ ነበር።

የድርጅቱን ምክንያት ማቃለል አልፈልግም። ሌሎች በራሳቸው ወጪ ጀብዱና ዓለም ይጽፋሉ፤ ያንን የገዛ ሁሉ ዋናውን መጽሐፍ መግዛቱ አይቀርም፤ መጽሐፉም መጀመሪያ ሲወጣ ዋጋው ከ20 ዶላር በታች ነበር። ትናንሽ አሳታሚዎችም በዚያ አርማ አማካይነት ከማያውቋቸው ገዢዎች ጋር ተገናኝተዋል። በገዛ ፈቃድ የተገባ ውል ስለሆነም በደል ነው ማለት አይቻልም። አርማውን ትተው በመጀመሪያው ውል ብቻ ሙሉ ጨዋታ ያሳተሙም ነበሩ። የእኔ ክርክር ሌላ ነው፤ ከጨዋታው ሁሉ ለውል መያዣነት ሊሰጥ የማይገባው አንድ ክፍል ቢኖር እርሱ የዕድገት ደንብ ነው እላለሁ።

ምክንያቱም የዕድገት ደንብ አንድ ጨዋታ በሕይወት ውስጥ ዋጋ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ የሚናገርበት ቦታ ነው። በ1974ቱ ጨዋታ ከዋሻ ያወጣኸው ወርቅ ወደ ልምድ ነጥብ ይለወጥ ነበር፤ በዚያ ዓለም ሰው የሚያድገው ሀብት ይዞ በሕይወት ሲመለስ ነው። በ1978 የወጣው ሩንክዌስት ደረጃ የሚባለውን ነገር ትቶ፣ ተጫዋቹ የተጠቀመበት ችሎታ ብቻ እንዲሻሻል አደረገ፤ ለመሻሻልም በዳይስ ካለው ችሎታ በላይ የሆነ ቁጥር መጣል ስለሚኖርበት፣ ብዙ ያወቀ ሰው አዲስ ነገር መማር ይከብደዋል። ከእርሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው ትራቭለር ደግሞ ገጸ ባሕርይው ጨዋታው ሳይጀመር በሥራ ዓለም ኖሮ፣ ተምሮ፣ አርጅቶ እንዲመጣ አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድገት እጅግ አጠበበው። ሦስቱም ዳይስ ይጥላሉ፤ ሦስቱም ጀብዱ አላቸው። ስለ ሰው ያላቸው አስተያየት የሚለያየው በዕድገት ደንባቸው ነው።

አሁን ወደ ቅኔ ቤቱ እንመለስ። እኛ ጎጃሞች ሰው በእውቀት እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚያድግ የሚናገር፣ በዘመናት የተፈተነ ሥርዓት በደጃችን አለን። ተማሪው በሁለት ቤት፣ ማለትም በሁለት ስንኝ፣ ከሚቆመው የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስና ከዚያም ወዲያ ይዘልቃል። ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል፤ ማታ የቆጠረውን ይዞ ለነገራ፣ ማለትም አሰምቶ ለመታረም፣ ይቀርባል። ቤቱ ከጎደለ ወይም ምሥጢሩ ካልሰመረ ይታረማል፤ በማግሥቱ እንደገና ይቆጥራል። የበሰለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ የታናናሾቹን ቅኔ ይሰማል፤ ራሱ ከየኔታ እየተማረ ሌላውን ያቃናል። በዚህ ቤት ወርቅ ማውጣትም ሆነ ጭራቅ መግደል ማንንም አያሳድግም። የሚያሳድገው በሌላ ጆሮ ፊት ቀርቦ መታረም ነው። ይህን የመሰለ ሥርዓት ባለበት አገር የተጻፈ ጨዋታ፣ ተማሪው ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ የሚሻገርበትን ደንብ ከባሕር ማዶ መጽሐፍ እንድንፈልግ ቢልከን፣ የቅኔ ቤቱን ልብስ አልብሶ ነፍሱን አስቀርቶታል ማለት ነው።

በሕግ በኩልም ወጣቶቹ የፈሩት ነገር የለም። የዲ20 አርማ ፈቃድ አራተኛው እትም በወጣበት በ2008 አብቅቷል። በጥር 2023 ድርጅቱ ኦፕን ጌም ላይሰንስን ለመለወጥ አስቦ ያዘጋጀው ረቂቅ አፈትልኮ ወጣ። በዓመት ከ750,000 ዶላር በላይ ከሚያገኝ አሳታሚ፣ ከዚያ በላይ ካለው ገቢ ላይ እስከ 25 በመቶ የሚጠይቅ ነበር። ተጫዋቾችና አሳታሚዎች አጥብቀው በመቃወማቸው ድርጅቱ ሐሳቡን ተወ፤ በዚያው ወር መጨረሻም የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ደንብ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለሁሉም ለቀቀው። በዚያ ሰነድ ውስጥ የዕድገቱ ሰንጠረዥ ራሱ አለ፤ ለሁለተኛ ደረጃ 300፣ ለሦስተኛ 900፣ ለሃያኛ 355,000 ነጥብ ይላል። ከሰነዱ የወሰደ ሰው የሚጠየቀው ምንጩን በተሰጠው ቃል መጥቀስ ነው፤ ከአምስተኛው እትም ጋር ይስማማል ብሎ መጻፍም ተፈቅዶለታል።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በአንቀጽ 5 ሐሳብን፣ ሥርዓትን፣ የአሠራር ዘዴንና ቀመርን ከጥበቃ ውጪ ያደርጋል። የሚጠበቀው የተጻፈበት ቃልና የተሣለው ሥዕል ነው። የሌላውን መጽሐፍ ዓረፍተ ነገር መገልበጥ ጥፋት ነው፤ «ያለህበትን ደረጃ በሺህ አባዛ» የሚለውን ስሌት በራስ ቃል መጻፍ ግን ጥፋት አይደለም። የንግድ ምልክት ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ስለሆነ፣ ያልተፈቀደ አርማ ሽፋን ላይ እንዳያደርጉ መክሬያቸዋለሁ። አርማውን ካልፈለጉት ደግሞ ከአርማው ጋር የሚመጣው ዝምታ አይመለከታቸውም።

ከአምስቱ አንዱ ጥሩ ጥያቄ አንሥቶብኝ ነበር። ሰንጠረዡ አሁን ነፃ ከሆነ፣ ሰዎችም ከለመዱት፣ ለምን እንዳለ ወስደን አንጠቀምበትም? አለኝ። ለድካም ማቅለያ መልካም ሐሳብ ነው፤ ለሌላ ዓይነት ጨዋታ ቢሆን እኔም እስማማ ነበር። ነገር ግን ያ ሰንጠረዥ የተሠራው በየውጊያው ነጥብ ለሚሰበስብ ጀብደኛ ነው። 300 ነጥብ ያገኘ የቅኔ ተማሪ ምን አግኝቶ ነው? በስንት ያልሰመረ ቅኔ ስንት ነጥብ ሊሰጠው ነው? ያልተሳካ ነገራ በቅኔ ቤት ከተሳካው ይልቅ የሚያስተምርበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ድልን ብቻ የሚቆጥር ደንብ የተማሪውን ሕይወት ገልብጦ ያሳየዋል። በዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ተከራከርን፤ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ነበር።

በመጨረሻ ገጽ 31 ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር አንዷ ልጅ በእርሳስ ሰርዛ፣ ከሥሩ «ተማሪ የሚያድገው በነገራ ነው» ብላ ጻፈች። ተጫዋቹ በየጨዋታው ማብቂያ የቆጠረውን ለአጫዋቹ ያቀርባል፤ የታረመለትን ስሕተት በወረቀቱ ላይ ይመዘግባል፤ ያንኑ ስሕተት በሚቀጥለው ቅዳሜ ያልደገመ እንደሆነ ምልክት ያገኛል። አስነጋሪ የሆነ ገጸ ባሕርይም ታናሹን ሲያቃና ለሁለቱም ይቆጠርላቸዋል። ከሚበዝኁ ወደ ዋዜማ ለመሻገር ስንት ምልክት ይበቃል በሚለው ላይ ግን ገና አልተስማሙም፤ ሦስቱ አራት ይበቃል ሲሉ፣ ሁለቱ ሰባት ካልሆነ ብለው ለቀጣዩ ቅዳሜ አሳድረውታል።