ውዳሴ ይሉኝታ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ቤተ ዘመዱን ሁሉ አንገት ያስደፋ ነገር ሠርቷል። ሰክሮ አልተገኘም፤ የሰው ልጅ አላስነወረም፤ የመንግሥት ገንዘብም አላጎደለም፤ ከነዚህ አንዱን ቢያደርግ ኖሮ ሽማግሌ ልከን፣ ይቅርታ አስብለን፣ ነገሩን በአንድ ማሰሮ ጠላ እናበርደው ነበር። ልጁ ያደረገው ደብተር መግዛት ነው። ሽፋኑ ሰማያዊ የሆነ ተራ የተማሪ ደብተር ገዝቶ የወር ደመወዙን አናቱ ላይ ጻፈ፤ ከሥሩም የሚያወጣውን ወጪ በተራ አሰፈረ፤ ከዚያም፣ ነውሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው፣ በጻፈው መሠረት መኖር ጀመረ።

ከተማችን ደብረ ማርቆስ መንቆረር ትባል ከነበረበት ዘመን ወዲህ ብዙ ነገር ለውጣለች፤ ደመወዝተኛ ልጇን የምታሳድግበትን ሥርዓት ግን፣ ክብር ለአባቶቻችን ይሁንና፣ አልነካችውም። በዚህ ሥርዓት መሠረት አንድ ወጣት ዲግሪውን ይዞ መሥሪያ ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ ደመወዙ የወል መሬት ነው፤ ማንም ከብቱን ሊያሰማራበት ይችላል፣ አጥር ማጠር ግን አይፈቀድም። የመጀመሪያው ወር ለምርቃት፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው ወር ላይ ላልተገኙት፣ ሦስተኛው ደግሞ በሁለቱም ተገኝተው ለበረከት ለሚደግሙት ነው። ከአራተኛው ወር ጀምሮ ወጣቱ ራሱ ተበዳሪ ስለሚሆን ጠያቂው ይቀንስለታል፤ ይህም የገንዘብ ነጻነት ይባላል።

የልጁ ደመወዝ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ማንም አልተቸገረም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲሻሻል የጀማሪ ባለ ዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ማደጉን ዜናው ነግሮናል፣ ዜና ያመለጠው ቢኖር እንኳ ለቅሶ ቤት ሰምቷል። ያልተነገረን፣ ቢነገረንም ያልሰማነው፣ ተቀናሹ ነው። ልጁ እንዳስረዳኝ ከሆነ ከግብር ነጻ የሆነው የመጀመሪያው 2,000 ብር ብቻ ነው፤ የቀረው ከ15 በመቶ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ የመጨረሻው ላይ 30 በመቶ ይደርሳል፤ ተደምሮ 2,100 ብር ግብር ይሆናል። በዚህ ላይ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 805 ብር፣ ስላለበት እጁ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው። ይህን ሁሉ በእርጋታ ሲዘረዝርልኝ አዘንኩለት፤ ምክንያቱም ዘመድ ተቀናሽ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ዘመድ የሚያሰላው በ11,500 ነው። ልብ በሉ፣ መንግሥት ልጁ ገንዘቡን ሳያየው 2,905 ብር ሲቀንስ ንፉግ ያለው የለም፤ ልጁ ግን ከተረፈው ላይ ለራሱ አንድ ሺህ ብር ቢቀንስ በሁለት ቀበሌ ስሙ ጠፋ።

ደብተሩን አይቼዋለሁ። ለአንዲት ክፍል ኪራይ 2,500፣ ለቀለብ 3,300፣ ለእናቱ 800፣ ለዕቁብ 1,000፣ ለሳሙና፣ ለካርድና ለመሳሰለው 500፣ «ለድንገተኛ» የሚል ርእስ ለተሰጠው ደግሞ 495 ብር። ሦስት ጊዜ ደመርኩት፤ 8,595 ይመጣል። ጥፋቱንም ወዲያው አገኘሁት። በዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ «ሰው ምን ይለኛል» የሚል መደብ የለም! በአገራችን ከኪራይና ከቀለብ በፊት የሚመደበውን፣ በጎደለ ጊዜ ተበድረንም ቢሆን የምንሞላውን ትልቁን ወጪ ልጁ ጭራሽ ዘሎታል። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ምን ሲያስተምሩት እንደከረሙ እንጃ።

ነገሩ የፈነዳው በምሳ ግብዣ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች፣ ሁለት የአክስቱ ልጆች፣ እኔና እኔን ተከትለው የመጡ አንድ ጎረቤቴ፣ በጠቅላላው አሥራ አንድ ሰዎች፣ አንድ ሥጋ ቤት ተሰየምን። ገና ኪሎ ሳይታዘዝ ልጁ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኔ ለዛሬ የያዝኩት አራት መቶ ብር ነው፤ ከዚህ በላይ ከሆነ ብናዋጣ ይሻላል» አለ። በሥጋ ቤቱ ውስጥ የወደቀውን ዝምታ ልገልጸው አልችልም፤ ቢላዋ የሚስለው ሰውዬ እንኳ እጁን ገታ። አንድ ባልደረባው የሟች ወሬ እንደሰማ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ምነው፣ ልጁ ታሟል እንዴ?» አሉኝ።

ጤነኛ ሰው ሒሳብ የሚዘጋበትን ወግ ለማያውቅ ላስረዳ። አስተናጋጁ የሒሳብ ወረቀቱን እንዳመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሥቶ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል፤ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «እንዲህ ከሆነማ ሁለተኛ አብሬህ አልወጣም» ይባባላል፤ አንዱ የሌላውን ክንድ ይይዛል፣ አስተናጋጁም በመሐል እንደ ገመድ ይጎተታል። ልምድ ያለው ደግሞ እጁን ሊታጠብ የሄደ መስሎ ገንዘብ ተቀባይዋ ዘንድ ቀድሞ ይከፍላል። (የበለጠ ልምድ ያለው፣ ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና፣ እጁን ወደ ኪሱ በልክ ፍጥነት ይሰዳል፤ ብሩ ከኪሱ ሲወጣ ሌላው ከፍሎ መልሱን እየተቀበለ እንዲሆን።) ያሸነፈው ጀግና በዚያች ደቂቃ የሚያገኘው ክብር ሲታሰብ የሦስት ሳምንት ቀለብ ምን አላት? ደግሞም ገንዘቡ ጠፍቶ አይቀርም፤ ወሩ በገባ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጀግናው ከተሸነፉት ወደ አንዱ ደውሎ፣ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ረዘም አድርጎ ከጠየቀ በኋላ፣ ያንኑ ብር ይበደረዋል። አበዳሪው በይሉኝታ ይሰጣል፤ በይሉኝታም አይጠይቅም፤ ተበዳሪው ሲያገኘው በይሉኝታ መንገድ ይቀይራል። እነሆ ያለ ወለድ፣ ያለ መያዣና ያለ መመለሻ የሚሠራ ባንክ!

ድሮ ለዚህ ሥርዓት አንዲት እንቅፋት ነበረችበት፤ «ባንክ ተዘግቶብኝ ነው» የምትባል። ቅዳሜ ከሰዓት የተጠየቀ ሰው በዚህች ቃል ተጠልሎ ሰኞን ያይ ነበር፤ ሰኞ ደግሞ ጠያቂው ሌላ ሰው አግኝቷል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር መጥቶ ይህችን የንፉጎች ምሽግ ናዳት። ዛሬ ገንዘብ ሌሊት በስድስት ሰዓትም ይላካል፤ «ስልኬ ባትሪ ዘግቷል» እንዳይባል ጠያቂው የሚያናግርህ በዚያው ስልክ ነው። ቀሪ ሒሳቡ ባይበቃ እንኳ ክፍያውን አሟልቶ የሚያበድር አገልግሎት ተጨምሮበታል፤ ስሙንም «እንደኪሴ» ብለውታል፤ ስም አውጪው የእኛ ሰፈር ሰው መሆን አለበት። እዚያው ስልክ ላይ «ሳንዱቅ» የሚባል የቁጠባ አገልግሎትም አለ ይላሉ፤ ልጁ ነው የነገረኝ፣ እኔ ተጠቅሞበት ያየሁት ሰው እሱን ብቻ ነው።

ደብተርን እንደ ደብተር የምንጠላ እንዳይመስላችሁ። ጎጃም ውስጥ ያለ ደብተር የሚውል ነገር የለም። የዕድሩ ጸሐፊ በለቅሶ ያልተገኘውን በቀን በወሩ መዝግቦ ይቀጣል። የዕቁቡ ሰብሳቢ ሃያ ሰው በየወሩ አንድ አንድ ሺህ ሲጥል ሃያው ሺህ ለማን እንደወጣ ከነዋሱ ጽፎ ይይዛል፤ አንድ ቀን ያሳለፈ ሰው ቤቱ ድረስ ይሄድበታል፣ ማንም ደግሞ «ሰብሳቢው ገንዘብ ይወዳል» ብሎ አያማውም። የሰፈሩ ባለ ሱቅ ዱቤ ይጽፋል። በሠርግ ድንኳን በር ላይ እስክርቢቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ የተቀመጠው ጎልማሳ ማን ስንት ብር እንዳመጣ፣ ማን ባዶ እጁን ገብቶ ሁለት ጊዜ እንዳነሣ፣ አንድ በአንድ ያሰፍራል፤ ያ መዝገብ ለሃያ ዓመት በሣጥን ተቀምጦ የልጅ ልጅ ሲዳር ይወጣል። የሌላውን ሰው ብር መጻፍ ሥርዓት ነው። የራስን ብር መጻፍ ግን፣ ያውም በብላሽ፣ ያውም ከማንም ሳይሾሙ፣ ምን ይሉታል?

ጥር ሲገባ ፈተናው መጣ። አብሮ አደጉ ሊያገባ ነውና ሚዜ እንዲሆን ጠየቀው። ሚዜነት ታላቅ ክብር መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ከሙሉ ልብሱ፣ ከጫማው፣ ከመኪና መዋጮውና ከመልሱ ድግስ ጋር ሲደመር የሁለት ወር ደመወዝ የሚያህል ክብር ነው። ሙሽራው ራሱ ለድግሱ ከተበደረው ብድር ለመውጣት ልጁ እስኪራመድ ድረስ እንደሚሠራ ስለሚያውቅ ሚዜዎቹ ሁለት ወር ቢያጡ አልበዛበትም። የእህቴ ልጅ ግን ደብተሩን ገልጦ፣ አስቦ፣ ሙሽራው ቤት ሄዶ፣ «ወንድሜ፣ እወድሃለሁ፤ ሦስቱን ቀን ሙሉ ውኃ እቀዳለሁ፣ ድንኳን እተክላለሁ፣ እንግዳ አስተናግዳለሁ፤ አዲስ ልብስ የምገዛበት ግን የለኝም፣ አልበደርምም» አለው። እንዳለውም ሦስቱን ቀን ሲለፋ ሰነበተ። ሰዉም በሦስቱ ቀን ሲናገር የሰነበተው ስለ ልብሱ ነበር። ልብሱን በዱቤ ያሰፉት ሦስቱ ሚዜዎች በፎቶው ላይ እጅግ አምረዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ፎቶው የታጠበበትን እስካሁን አልከፈለም ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሐሜት ሊሆን ይችላል።

እናቱ በነገሩ ተጨንቃ ልጁን ጎዛምን ወዳለው አያቱ ዘንድ ለምክር ላከችው፤ እኔም አብሬ ወረድኩ። አባቴ ሰማኒያን ያለፉ አራሽ ናቸው፤ ይሉኝታን ካወቁ አዛውንት ብርቱ ተግሣጽ ይወርድበታል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ክሱን አንድ ሳላስቀር አቀረብኩ። አባቴ ዝም ብለው ሰሙና ልጁን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ሁለት ድብኝት ጎን ለጎን ቆሟል። «ይኸኛው እስከ መስከረም የምንበላው ነው» አሉት። «ያኛው ዘር ነው። አፉን በጭቃ የመረግሁት በጥር ነው፤ የሚከፈት በሐምሌ ነው። ከሁለቱ የተረፈው ተሸጦ የማዳበሪያ ዕዳ ይከፈልበታል።» ልጁም፣ «አባባ፣ ነሐሴ ላይ እንግዳ መጥቶ ቀለቡ ቢያልቅስ?» ብሎ ጠየቀ። «ድንች እንበላለን» አሉት፤ «እንግዳውም ድንች ይበላል። ዘር አይነካም።»

ሽማግሌ ሲያረጅ እንዲህ ነው፤ ተግሣጹን ትቶ ስለ እህል ያወራል። ልጁ ግን ደብተሩን አውጥቶ፣ «ለዕቁብ» የሚለውን ቃል ሰረዘና ከላዩ ላይ «ዘር» ብሎ ጻፈበት። አያቱ ፊደል ባይቆጥሩም ምን እንደጻፈ ጠይቀው ሲነግራቸው ሳቁ፤ ያን ቀን ሁለቱ ሲሳሳቁ ዋሉ፣ እኔም ጠላዬን ብቻዬን ጠጣሁ።

በመልሱ ጉዞ ባጃጅ ውስጥ ደብተሩን ተቀብዬው ሳገላብጥ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ። «የወጡ፣ የሚመለሱ የማይመስሉ» ይላል ርእሱ። ከሥሩ የባልደረባ 400፣ የአክስት ልጅ 700፣ ከዚያም «ጋሼ፣ 1,500» ተጽፏል። ጋሼ የሚለው ብዙ ሰው ስለሆነ መጀመሪያ አልተጨነቅሁም። ቀኑን ሳየው ግን የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ የጠበበኝ ሰሞን ሆኖ ተገኘ። አንድ አጎት እንዲህ ባለ ሰዓት ክብሩን መጠበቅ ስላለበት፣ «መዝገብ ከተያዘ አይቀር በትክክል ይያዝ» አልኩት፤ «ለገና ማግስት ቡናና ኬክ ጋብዤህ ነበር፤ እሱን ከ1,500ው ላይ ቀንስልኝ።»

ልጁ በአክብሮት ደብተሩን ተቀበለኝ፤ ወደ ኋላ ጥቂት ገጽ ገለጠ፤ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ ፈለገ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን የከፈልኩት እኔ ነኝ» አለኝ፤ «እርስዎ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ አድርገው ነበር።»