ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩት ፐቦችም ቅርስ ናቸው

የእንግሊዝ ፐብ (የሰፈር መጠጥ ቤት) ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ጥቁር እንጨት፣ የተቀረጸ መስታወትና የቪክቶሪያ ዘመን ጌጥ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአዳዲስ ሰፈሮች የተሠሩት ቀለል ያሉ የጡብ ፐቦች ግን ሲፈርሱ ዞር ብሎ የሚያያቸው ጥቂት ሰው ነው። ያሳዝነኛል።

በዚያ ዘመን የአብዛኛው ፐብ ባለቤት ቢራ ፋብሪካ ነበር። ፐቡን የሚያስተዳድረው ሰው ወይ ተከራይ ወይ ቅጥረኛ ነው፤ የሚሸጠውም የባለቤቱን ቢራ። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የራሳቸው አርክቴክቶች ነበሯቸው። እስከ 1954 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግንባታ በፈቃድ የተገደበ ነበር፤ ቅድሚያው ለመኖሪያ ቤት ነው። አርክቴክቶቹ በጥቂት ነገር ብዙ መሥራት ነበረባቸው።

እስቲ ፕላኑን እንየው። ብዙዎቹ ሲሠሩ ቢያንስ ሁለት በር ነበራቸው። በአንዱ ሠራተኛው ከነሥራ ልብሱ ይገባ ነበር። ወለሉ ምንጣፍ አልነበረውም፣ ቢራውም ትንሽ ይረክስ ነበር። በሌላው በር ሳሎን ባር የሚባለው የተሻለው ክፍል ነበር፤ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ቅዳሜ ማታ ባልና ሚስት ለብሰው የሚመጡበት። ጠርሙስ ገዝቶ ወደ ቤቱ ለሚሄድ ደግሞ ትንሽ መሸጫ መስኮት ነበረች። ባንኮኒው መሃል ስለሚሆን አንድ ሰው ዞር እያለ ለሁሉም ይቀዳ ነበር። አስተዳዳሪው ከነቤተሰቡ ፎቅ ላይ ይኖር ነበር። የመደብ ልዩነትን በግድግዳ መለየቱን አልወደውም። ግን ግድግዳውን አፍርሰን አንድ አዳራሽ ስናደርገው፣ ሰዎች እንዴት ይኖሩ እንደነበር የምናይበት ቦታ አብሮ ይሄዳል።

እኔ በጣም የምወደው በኖርፎክ የባህር ዳርቻ፣ ካይስተር ውስጥ ያለውን ነው። በ1901 የካይስተር ነፍስ አድን ጀልባ በማዕበል ተገልብጣ 9 ሰዎች ሞቱ። «የካይስተር ሰዎች ወደ ኋላ አይመለሱም» የሚለው አባባል የቀረው ከዚያ አደጋ ነው። በ1957 ላኮንስ የተባለው፣ በአቅራቢያዋ ያርማውዝ ከተማ የነበረው ቢራ ፋብሪካ እዚያ ፐብ ሲሠራ ስሙን ከዚሁ ወሰደ፦ «ኔቨር ተርን ባክ»፣ ወደ ኋላ አትመለስ። የሠራው የፋብሪካው አርክቴክት ኤክልስተን ነው። ለሐዘን የቆመ ሐውልት ብቻ ሳይሆን፣ የሰፈሩ ሰዎች ተቀምጠው እንዲጫወቱበት የተሠራ ቤት ነው። ላኮንስን በ1965 ዊትብሬድ የተባለ ትልቅ ቢራ ፋብሪካ ገዛው፤ ላኮንስም በ1968 ተዘጋ። ፐቡ ግን በ2018 በቅርስነት ተመዘገበ። በዚያው ዓመት በስዊንደን ከተማ ያለው፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘው «ክራምፕልድ ሆርን» የተባለው ፐብም ተመዝግቧል።

ያልተመዘገቡት ያሳስቡኛል። በ1989 መንግሥት አንድ ቢራ ፋብሪካ ብዙ ፐብ እንዳይዝ ሕግ አወጣ። ሐሳቡ ገበያውን ለመክፈት ነበር፤ ብዙ ፐቦች ግን በንብረት ኩባንያዎች እጅ ገቡ። ለፋብሪካው ፐቡ የቢራው መሸጫ ነበር። ለአዲሱ ባለቤት ብዙ ጊዜ ዋጋ ያለው መሬቱ ነው።

የየአካባቢው ምክር ቤት የማፍረሻ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ባለሙያ ልኮ ውስጡን ያስፈትሽ። ሁለቱ በሮች አሉ? ባንኮኒው የመጀመሪያው ነው? ያቺ ትንሽ መሸጫ መስኮትስ በጡብ ተደፍናለች ወይስ አለች?